ቧንቧ ሰራተኛ ነኝ፣ ኦንላይን ላይ ሰው እንዴት ይመነኝ? ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው፦ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ የቧንቧና የሻወር ቦይለር ስራ ትሰራለህ፣ እስካሁን የኖርከው ሰው ለሰው በሚነግርልህና የህንፃ መሳሪያ ሱቆች ቁጥርህን ሲሰጡልህ ነው፣ አሁን ግን አዲስ የሚገባው ነዋሪ አያውቅህም፣ ስልኩ ላይ ፈልጎ ሌላ ሰው ይጠራል። አንድ ልጅ ደግሞ ዌብሳይትና የፌስቡክ ፔጅ በ40 ሺህ ብር እሰራልሃለሁ ብሎሃል፣ ልክፈለው ወይ ነው ጥያቄው።

ቀጥታ ልመልስልህ፣ አትክፈለው። ልጁ አጭበርባሪ ነው ማለቴ አይደለም፣ ስራው ዌብሳይት መስራት ስለሆነ ዌብሳይት ነው የሚሸጥልህ፣ ያንተ ችግር ግን ሌላ ነው። እኔ የምሰራው ከቤት ጥገናና ፊኒሺንግ ባለሙያዎች ጋር ነው፣ ቧንቧ፣ ኤሌክትሪክ፣ ጂፕሰም፣ ቀለም፣ አልሙኒየም፣ አብዛኞቹም እንዳንተ ከተማው ዳር ያሉ ናቸው፣ አያት፣ አራብሳ፣ ጀሞ፣ ለገጣፎ፣ ገላን። ሁሉም መጀመሪያ ሲመጡ "ብዙ ሰው እንዲያየኝ ምን ላድርግ" ነው የሚሉኝ። ብዙ ሰው እኮ አያስፈልግህም። በቀን ስንት ቤት ልትሰራ ነው? ሁለት፣ ቢበዛ ሶስት። የሚያስፈልግህ ስምህን ከጎረቤቱ የሰማ ሰው ከመደወሉ በፊት "እስቲ ማነው" ብሎ ሲፈልግህ ልቡን የሚያሳርፍ ነገር እንዲያገኝ ነው።

ምክንያቱም አንተ ጫማ አትሸጥም። የማያውቅህን ሰው በሩን ከፍቶ ቤቱ ሊያስገባህ ነው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ እሱ ስራ ላይ ሆኖ ቤት ያሉት የቤት ሰራተኛዋና ልጆቹ ብቻ ናቸው። የሚፈራውም የታወቀ ነው፣ ቀብድ ተቀብሎ ይጠፋብኛል፣ ሽንት ቤቱን ከፈታታ በኋላ ዋጋ ይጨምርብኛል፣ የሰራው በሳምንቱ መልሶ ሲያፈስ ስልኩን አያነሳልኝም። በነዚህ ያልተቃጠለ ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ አንተ ምንም ባታደርግም ከሌላው የተረፈውን ጥርጣሬ ይዞ ነው የሚደውልልህ። ኦንላይን ላይ የምታስቀምጠው ነገር ሁሉ ከነዚህ ፍርሃቶች አንዱን የማይመልስ ከሆነ ጊዜህን አታባክን።

አሁን ሰው እንዴት እንደሚያገኝህ እንይ። ውሃ በፈረቃ ነው፣ ሌሊት ይመጣል፣ ሰው ተነስቶ ሮቶውን ሊሞላ ሲል አንዱ መገጣጠሚያ ያፈሳል። ጠዋት የብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ "ጎረቤቶች እንደምን አደራችሁ፣ ታማኝ የቧንቧ ሰራተኛ የምታውቁ ቁጥር ጣሉልኝ" ይላል። ሶስት ሰው ሶስት ቁጥር ይጥላል። ከዛ ሰውየው ምን ያደርጋል? ቁጥሮቹን ሴቭ አድርጎ ቴሌግራም ላይ ያያቸዋል። አንዱ ፎቶ የለውም፣ አንዱ የመኪና ፎቶ ነው ያደረገው፣ አንዱ ደግሞ የስራ ልብስ ለብሶ ፊቱ በደንብ ይታያል፣ ስሙ ከነስራው ተጽፏል፣ ባዮው ላይ የስራዎቹ ቻናል ሊንክ አለ። ማን ጋ እንደሚደውል መገመት አያቅትህም። ይሄ ደግሞ አንድ ብር አያስወጣም።

ስለዚህ ዛሬ ማታውኑ ቴሌግራምህን አስተካክል። የራስህ ፊት ያለበት ፎቶ፣ ሙሉ ስምህና ስራህ። ስሙ ደግሞ ሰው በባንክ ወይ በቴሌብር ሲከፍልህ ከሚወጣው ስም ጋር አንድ ይሁን፣ ቴሌግራም ላይ "አቢ ሳኒተሪ" ብለህ አካውንቱ በሌላ ሰው ስም ሲሆን ደንበኛው እዛው ነው ልቡ የሚሸፍተው፣ የወንድምህ አካውንት ቢሆንም እሱ ያንን አያውቅም። ትሩኮለር ላይም ቁጥርህን አስፈልገህ እይ፣ እኛ ሀገር ብዙ ሰው የማያውቀውን ቁጥር እዛ ነው የሚያጣራው። ሲሙን ድሮ ሌላ ሰው ይዞት ከነበረ የሱ ስም ሊወጣ ይችላል፣ አፑን አውርደህ በራስህ ቁጥር ገብተህ ስምህን አስተካክል። ቁጥርህን ደግሞ በምንም ተአምር አትቀይር፣ የዛሬ ሁለት አመት የሰራህላት ሴትዮ ደውላ "አገልግሎት አይሰጥም" ካላት ላንተ የሚያወራልህ አንድ ሰው አጣህ ማለት ነው።

ቻናሉን በተመለከተ ግሩፕ ሳይሆን ቻናል ክፈት። ቻናል ላይ አንተ ብቻ ነህ የምትለጥፈው፣ ዛሬ የገባ ሰው የዛሬ አመት የለጠፍከውንም ወደ ላይ ስቦ ያያል። ስንት ሰብስክራይበር አለው ብለህ አትጨነቅ፣ ሰላሳ ሰው ቢኖረውም ስራውን ይሰራል፣ ደንበኛው ሊንኩን ከፍቶ ስራህን አይቶ ይወጣል፣ በቃ። ፎሎወር መግዛት ምናምን የሚሉህን ተዋቸው፣ አስር ሺህ ተከታይ ኖሮት አንድ ኮሜንት የሌለው ፔጅ ጭራሽ ያስጠረጥራል።

ምን ልለጥፍ ካልክ፣ ብዙዎቹ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ያለቀ የሚያብረቀርቅ ሻወር ቤት ፎቶ ለጥፈው "ለጥራት እኛን ይምረጡ" ይሉበታል። ያ ፎቶ ከኢንተርኔት ይውረድ የነሱ ስራ ይሁን ማን ያውቃል? አንተ የተበላሸውን አሳይ፣ ምክንያቱን አሳይ፣ የሰራኸውን አሳይ። ለምሳሌ እንዲህ ብለህ ጻፍ፦ "ቱሉ ዲምቱ፣ ሶስተኛ ፎቅ። የታች ጎረቤት ኮርኒስ እየረጠበ ነበር። ሻወር ቤቱን በሙሉ አፍርሱት ተብለው ነበር። መስመሩን በግፊት ስንፈትሽ የሚያፈሰው ሴራሚኩ ስር ያለ አንድ የፒፒአር (በሙቀት የሚበየድ የፕላስቲክ ቧንቧ) መገጣጠሚያ ሆኖ ተገኘ፣ መጀመሪያ ሲበየድ በደንብ አልሞቀም። ሁለት ሴራሚክ ብቻ አንስተን ቀየርነው። ግማሽ ቀን ፈጀ።" ከስሩ ሶስት ፎቶ፣ የረጠበው ኮርኒስ፣ የወጣው መገጣጠሚያ እጅህ ላይ፣ እና ከተቀየረ በኋላ የግፊት መለኪያው ቆጣሪ ሳይወርድ ቆሞ። ይሄን ያነበበ ሰው ስለ ፒፒአር ምንም ባያውቅ እንኳን አንድ ነገር ይገባዋል፣ ይሄ ሰው ሁሉንም አፍርሱ አይልም። መበየጃው ወደ 260 ዲግሪ መድረስ እንዳለበት አንተ ታውቃለህ፣ ነዋሪው አያውቅም፣ አንድ ቀን የሙቀት መጠኑን እያሳየህ በአጭር ቪዲዮ ንገረው፣ ሌላ ቀን ደግሞ ከቦይለር ውስጥ ያወጣኸውን የማሞቂያ ዘንግ ከነተጋገረበት ነጭ ድንጋይ አሳየውና ለምን መብራት እንደሚበላበት አስረዳው። ኧርዝ (የመሬት መስመር) የሌለው ቦይለር ሰው እንደሚገድልም ንገር፣ ይሄን ለገበያ ብለህ ሳይሆን የሰው ህይወት ስለሆነ ነው የምትናገረው፣ ሰውም ይሄ ይገባዋል።

ፎቶ ስታነሳ ግን ጠንቀቅ በል። አስፈቅድ፣ የቤት ቁጥር፣ የበር ቁልፍ፣ የልጆች ፊት፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቤተሰብ ፎቶ እንዳይገባ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ህጉ ባይኖርም ግን የሰው ቤት ነው። የራስህንም መታወቂያ ፎቶ አንስተህ ቻናል ላይ አትለጥፍ፣ ይታመኑኛል ብለው ፋይዳቸውን የሚለጥፉ አይቻለሁ፣ አጭበርባሪ አውርዶ በስምህ ይጠቀምበታል። መታወቂያ በር ላይ ለጥበቃውና ለደንበኛው የሚታይ ነገር ነው።

ቀጥሎ ጎግል ማፕ። አዲስ ነዋሪው ግሩፕ ውስጥ ገና ካልገባ የሚፈልግህ እዚህ ነው። ቢዝነስ ፕሮፋይል የሚባለው ነፃ ነው፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2021 ጎግል ማይ ቢዝነስ ይባል የነበረው ማለት ነው። "ሱቅ የለኝም፣ የት ብዬ ላስመዝግብ" ብለሃል፣ ደንበኛ ቤት እየሄደ ለሚሰራ ሰው የተለየ አሰራር አለው፣ የቤትህን አድራሻ ደብቀህ የምትሰራባቸውን ሰፈሮች ብቻ ትሞላለህ፣ እስከ 20 ቦታ ይፈቅዳል። ሃያውንም ካልሞላሁ አትበል ታዲያ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ገላን፣ አቃቂ፣ ቃሊቲ፣ ካልክ ይበቃል። ጎግል ማንን ከላይ እንደሚያወጣ ሲወስን የሚያያቸው ነገሮች ሶስት ናቸው፣ ሰውየው ከፈለገው ጋር መገናኘትህ፣ ርቀትህ፣ እና ምን ያህል የታወቅክ መሆንህ፣ ስለዚህ ሱሉልታን ስለጻፍክ ሱሉልታ ያለው ሰው አያገኝህም፣ ቢያገኝህስ እዛ ድረስ ሄደህ አንድ ሲፎን ልትቀይር ነው?

ስትመዘገብ ብዙ ጊዜ በቪዲዮ አረጋግጥ ይልሃል። ሳይቆራረጥ በአንድ ጊዜ የተቀረጸ መሆን አለበት፣ ሰፈሩን የሚያሳይ ነገር፣ የስራ መሳሪያዎችህን፣ ንግድ ፈቃድህን ወይ ስምህ ያለበትን ወረቀት አሳይ። የፒፒአር መበየጃው፣ የግፊት መፈተሻው፣ የመሳሪያ ሳጥኑ፣ ሁሉም ይታይ። ስም ላይ ደግሞ የምትጠራበትን ስም ብቻ ጻፍ፣ "ምርጥ ርካሽ ቧንቧ ሰራተኛ አዲስ አበባ 24 ሰአት" ብለው የሚሞሉት ፕሮፋይል ሊታገድ ይችላል፣ የጎግል ህግ ይከለክላል። ሰፈሮቹንና ስራዎቹን ማብራሪያው ላይ ነው የምትጽፈው፣ እዛ ላይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፍ። ለገላን፣ ለለገጣፎ፣ ለሰበታ፣ ለቡራዩ የምትሰሩ ሁላችሁም በአፋን ኦሮሞም አስጽፉ፣ በትርጉም አፕ ሳይሆን ቋንቋውን በሚያውቅ ሰው፣ እነዚህ ከተሞች አሁን ሸገር ከተማ ስር ናቸው፣ ደንበኛችሁ ግማሹ በዛ ቋንቋ ነው የሚያወራው፣ በቋንቋው የሚያናግረውን ደግሞ ማን ይጠላል።

ሪቪው ላይ፣ ማለትም ደንበኛ ጎግል ላይ ስለ ስራህ የሚጽፈው አስተያየት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የሚሰራው እሱ ነው፣ ከሁሉም በላይ የሚበላሸውም እሱ ነው። ዘመድ አዝማድ ሰብስቦ በአንድ ማታ አምስት ኮከብ ማስሞላት፣ ቅናሽ እየሰጡ ማስጻፍ፣ ሁለቱም ጎግል ላይ የተከለከሉ ናቸው፣ ሰውም ያውቃል፣ በአንድ ቀን የተጻፈ ሃያ "በጣም አሪፍ ነው" አንብቦ የሚያምን የለም። ትክክለኛው ጊዜ ብር የተቀበልክ ሰአት አይደለም፣ ያኔ ሰውየው ገና የተሰራው ይያዝ አይያዝ አላየም። በማግስቱ ወይ በሁለተኛው ቀን በድምጽ መልእክት "እንደምን ዋልሽ እትዬ፣ ያ የሰራነው ደረቅ ነው ወይ፣ አልረጠበም አይደል?" በላት። ይሄ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው፣ ስራ ጨርሶ ብሩን ተቀብሎ ደውሎ የጠየቃት ሰው አጋጥሟት አያውቅም። ደረቅ ነው ካለችህ የጎግል ሪቪው ሊንክህን ላክላትና ምን እንደተሰራላትና ሰፈሯን ብቻ እንድትጽፍ ጠይቃት። ጎግል አልችልበትም ካለች ደግሞ ቴሌግራም ላይ የጻፈችልህን ምስጋና አስፈቅደህ ስሟንና ቁጥሯን አጥፍተህ ቻናልህ ላይ አድርገው።

መጥፎ ሪቪው ይመጣል፣ አይቀርም። ያኔ ከደንበኛ ጋር እዛው አትከራከር፣ የፈለገ ብትበሳጭ። ሌሎቹ የሚያነቡት ቅሬታውን ብቻ አይደለም፣ አንተ እንዴት እንደመለስክም ነው። "ቅዳሜ መጥቼ አይቼዋለሁ፣ ቫልቩን ቀይረናል፣ የእጅ ዋጋ አልተጠየቁም" ብለህ የሆነውን በአጭሩ ጻፍ፣ ካልሄድክ ደግሞ ሂድና ከዛ ጻፍ። ጭራሽ ያልሰራህለት ሰው ከጻፈብህ ለጎግል ሪፖርት ማድረግ ትችላለህ፣ እሱም ቢሆን መልስህን በጨዋ ደንብ ጽፈህ።

ዋጋ ላይ ሰው ሁሉ የሚሸሸው ነገር አለ፣ "ዋጋ በውስጥ" ይላሉ። እኔ ግልጽ አድርገህ ጻፍ ነው የምልህ። ሁሉንም አልልህም፣ መነሻውን፦ መጥቶ ለማየት ይሄን ያህል፣ ስራው ከተሰራ ከሂሳቡ ይታሰባል፣ ቦይለር ለመግጠም የእጅ ዋጋ ከዚህ ይጀምራል፣ ቅዳሜና እሁድ ጭማሪ አለው ወይ የለውም። ቤቱ ሄደህ ካየህ በኋላ ደግሞ ስራ ከመጀመርህ በፊት እዛው ቆመህ በቴሌግራም ላክለት፣ "መገጣጠሚያ ቅያሪ፣ ሁለት ሴራሚክ መመለስ፣ የእጅ ዋጋ ይሄን ያህል፣ እቃ በናንተ፣ ግድግዳው ሲከፈት ሌላ ነገር ከተገኘ ሳልነካው ፎቶ ልኬ እጠይቃለሁ"። የመጨረሻዋ አረፍተ ነገር ያንን ሁሉ የዋጋ ጭቅጭቅ ታስቀራለች። የእቃውን ብር አንተ አትቀበል፣ ደንበኛው ራሱ ለሱቁ በቴሌብር ይክፈል፣ ደረሰኙ በሱ ስም ይውጣ፣ እቃ ላይ ያለችህን ትንሽ ትርፍ ታጣለህ ይሆናል ግን ቀብድ በላ የሚል ወሬ አይነሳብህም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ የደንበኛ አይነት አለ፣ ከተማው ዳር ለምንሰራ ሰዎች በጣም ትልቅ ነው፣ ብዙ ሰው ግን አያስበውም። ቤቱ እዚህ ሆኖ ባለቤቱ ውጭ ያለ ሰው። ዱባይ፣ ጅዳ፣ ቤሩት ሰርታ ኮንዶሚኒየም የገዛች እህት፣ አሜሪካ ሆኖ ለገጣፎ የሚያሰራ ወንድም። እነሱ ለፍተው ያጠራቀሙትን ብር ልከው ቤታቸው ሳይሰራ የቀረባቸው ብዙ ናቸው፣ በዘመድም ጭምር። አንድ አያት አካባቢ የማውቀው ጂፕሰም ሰራተኛ ለእንደዚህ አይነት ደንበኛ ያደረገውን ልንገርህ፣ በየማታው ስራ ሲያቆም ከመግቢያው በር ጀምሮ እያንዳንዱን ክፍል ሳያቋርጥ እየዞረ በቪዲዮ ይልክላታል፣ ዛሬ ምን እንደተሰራ፣ ምን እቃ እንደገባ፣ ስንት ከረጢት እንደቀረ እየቆጠረ፣ የሱቁ ደረሰኝ መሬት ላይ ተዘርግቶ። ያልሰራ ቀን እንኳን "ዛሬ መብራት ጠፍቶ አልሰራንም" ብሎ ይልካል። እሷ ለጓደኞቿ አሳየች፣ ከዛ ወዲህ ስራ የሚመጣለት ከዛው ሀገር ነው፣ ክፍያውም በየደረጃው ተከፋፍሎ በሰአቱ ይገባለታል። አንተም የአዲስ ኮንዶሚኒየም መስመር ዝርጋታ ስትይዝ ይሄን አድርግ፣ በተለይ ሴራሚክ ከመለበጡ በፊት ቧንቧው በየት በየት እንዳለፈ በሜትር እየለካህ ቀርጸህ ስጣቸው፣ ከአመታት በኋላ ግድግዳ ሲበሱ ያመሰግኑሃል።

ወረቀቱን አሟላ። ንግድ ፈቃድ፣ ቲን፣ የሲኦሲ የብቃት ማረጋገጫ ካለህ በቻናልህ አናት ላይ ጻፈው፣ ከሌለህ ተፈተን፣ አመታት የሰራህበት ስራ ነው። የቦይለሩን የኤሌክትሪክ ክፍል በተመለከተ ያልተፈቀደልህን አልችልም በልና ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሽያን ይዘህ ሂድ፣ እሱንም ቻናልህ ላይ አሳየው፣ ይሄን አልሰራም የሚል ባለሙያ የበለጠ ይታመናል።

ቲክቶክ ደስ ካለህ ስራ፣ ቪው ይመጣል ግን ቪውው ጎንደርም ሃዋሳም ሊሆን ይችላል። ፌስቡክ ላይ የሰፈር ግሩፖች ውስጥ ሰው ሲጠይቅ መልስ፣ ሳይጠየቁ ማስታወቂያ መለጠፍ ግን ያስባርራል። ዋትስአፕ ቢዝነስ ነፃ ነው፣ ውጭ ላሉት ደንበኞችህ ይጠቅምሃል፣ የዋጋ ዝርዝሩን እዛ ካታሎጉ ላይ አድርገው። እንደ ጉዳይኦን አይነት ባለሙያና ደንበኛ የሚያገናኙ አፖች ላይ መመዝገብም አይጎዳም፣ ግን የራስህን ስም በሌላ ሰው አፕ ላይ ብቻ አትገንባ።

ያ 40 ሺህ ብር ካለህ ደግሞ የማደርገውን ልንገርህ፣ ጥሩ የግፊት መፈተሻ ከሌለህ እሱን፣ ላንተና ለረዳትህ ስማችሁ የተጻፈበት የስራ ልብስ፣ ቤት ስትገቡ ጫማ ላይ የሚደረግ ሽፋን፣ እና ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ካስፈለገህ። ዌብሳይቱን ረዳቶች ይዘህ ከሪል ስቴት ወይ ከድርጅት ጋር ውል መዋዋል ስትጀምር ታስበዋለህ፣ እነሱ ፕሮፎርማ ሲጠይቁ ይፈልጉታል። "የጎግል ዌብሳይት በነፃ እንከፍትልሃለን፣ የአገልግሎት ብቻ ክፈል" የሚልህ ካለም ጎግል ከቢዝነስ ፕሮፋይሉ ጋር ይሰጥ የነበረውን ነፃ ሳይት እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024 ላይ ዘግቶታል፣ እንዳትሸወድ።

በመጀመሪያው ሳምንት ቴሌግራሙንና ትሩኮለሩን ጨርስ፣ ከዛ ስልክህ ውስጥ ያሉትን የድሮ ስራ ፎቶዎች ምክንያታቸውን እየጻፍክ ቻናሉ ላይ አስገባ፣ ጎግሉን ከዛ በኋላ። ቪዲዮውን አልቀበልም ካለህ ምን ብሎ እንደመለሰልህ ስክሪንሾት አድርገህ ላክልኝ፣ ምን እንደጎደለ አይቼ እነግርሃለሁ።